ወፏ እስክትወጣ

ክቡር ሊቀመንበሩና ባለቤታቸው ዓመታዊ ጉዟቸውን በስኬት አጠናቀው፣ በመጋቢት መጀመሪያ፣ የበልጉ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በቁርስ ሰዓት ዲላ ከተማ በሰላም ገብተዋል። በሥፍራው ተገኝተን ደማቅ አቀባበል ያደረግንላቸው እኔ፣ አንድ እግሯ የታሰረ ዶሮና መጥረጊያ የያዘች እናቴ ነን። ሊቀመንበሩ ለተሰበሰበው ሕዝብ ባሰሙት አጭር ንግግር አፏ እንደታፈነ አህያ አናፍተው፣ ፀሐይ ላይ በተሰጣው በርበሬ ላይ ኩሳቸውን ጥለው፣ በቀጥታ ወደተዘጋጀላቸው ማረፊያ አምርተዋል።

ሊቀመንበሩ ወፍ ነው። ከአውራ ዶሮ የሚበልጥ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ሥር ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ወፍ። ሲበር ክንፉ እንደ አሮጌ መኪና ይተነፍሳል፤ ሳናየው እንሰማዋለን። ስሙን ያወጣንለት እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል ክረምት ከበጋ ከራሳቸው የማይወርድ ትልቅ ባርኔጣ ነበራቸው፤ የሚናገሩት በአፍንጫቸው ነው፤ ሲናገሩ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ወፉን አንዴ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም ነበር። ሚስቱን ወይዘሮዋ አልናት።

ቤታችን ዲላ ዳር፣ አስፋልቱ ሰልችቶት የሚቆምበትና የእንሰቱና የቡናው ጥላ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ የሚኖረው ሞያሌ መንገድ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ለእንግድነት ነው። ቤቱ የአያቴ የእማማ ወርቂቱ ነው። ጓሮ የቆመው ዋንዛም የሷ ነው። ከወርቃ መንደር ተድራ ስትመጣ አማቷ ችግኝ አስይዘው "ከአንቺ ጋር ይደግ" ብለዋት፣ የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ በእጇ ተከለችው። አደገ። ከጊዜ በኋላ አንድ ቅርንጫፉን ንፋስ ገንጥሎ ጣለበትና ቁስሉ ተቦርቡሮ ጎሬ ሆነ። ሊቀመንበሩና ወይዘሮዋ በየዓመቱ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ወደዚያ ጎሬ ይመለሳሉ።

በዚያ ዓመት የክትትል ኮሚቴ አቋቋምኩ። ኮሚቴውም ሰብሳቢዋም እኔ ነበርኩ። ቡናው በአንድ ሌሊት አበባውን ፈንድቶ ጓሮው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሽታው ራስ ያዞራል። በዚያ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አያለሁ። ወይዘሮዋ ጎሬው ውስጥ ገባች። ሊቀመንበሩ ጭቃ በምንቃሩ እያመላለሰ ወደ በሩ ያቀርባል። በሩ ጠበበ። በነጋታው የበለጠ ጠበበ። በመጨረሻ ጣት የምታሳልፍ ስንጥቅ ብቻ ቀረች፤ በስንጥቋ በኩል የወይዘሮዋ ምንቃር ጫፍ ብቅ ይላል።

ወደ ቤት ሮጥኩ። "እማዬ፣ ሊቀመንበሩ ሚስቱን አሰራት።"

እናቴ ትንቢት ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "ማሰሩን ከማን ተማረ ብለሽ ነው፣ ሩሃማ? ሂጂ ውሃ ቅጂልኝ።"

ዓመታት አልፈው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ላይብረሪ ውስጥ ከምርምሬ ጋር ምንም የማይገናኝ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው እውነቱን ያነበብኩት። በሩን የምትደፍነው ራሷ ናት፤ ከውስጥ ሆና። እሱ ጭቃ አቅራቢ ነው። ልጇ እስኪያድግ ድረስ ተዘግታ ትከርማለች፤ ምግቧን በዚያች ስንጥቅ የሚያጎርሳት እሱ ነው። ያን ጊዜ ግን ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ፣ ሊቀመንበሩን ወንጀለኛ ብሎ ነበር። ኮሚቴ ደግሞ አንዴ ከወሰነ ወሰነ።

በዚያው ሰሞን እማማ ወርቂቱ ተኛች። መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ወገቧን አመማት፤ ከዚያ ምግብ እምቢ አለች። በመስኮቱ ሥር ባለችው አሮጌ የጠፍር አልጋዋ ላይ ተዘርግታ ታቃስታለች፤ አልጋዋም አብራት ታቃስታለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመው መለየት ያቅታል።

አንድ ጠዋት አናጢው ነስሩ መጣ። ሜትሩ ከኪሱ ወጥቶ እየታየ ሳለ፣ እሱን ትቶ ከሌላኛው ኪሱ ሲባጎ አወጣ። እማማን ከራስ ጠጉሯ እስከ ተረከዟ ለካትና ቋጠሮ ቋጠረ። ትከሻዋን ለካና ሌላ ቋጠሮ ቋጠረ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

የእማማ ጌዴኦኛ እንደ ወንዝ ነው የሚፈሰው። አማርኛዋን ግን ከገበያ ነው ያመጣችው፤ በእሷ አማርኛ የሰው ልጅ ሁሉ ሴት ነው። "ትከሻው ላይ አታጥብቢ፣ ነስሩ" አለችው። "እኔ በጎኔ መተኛት ነው የምወደው።"

"አላጠብም፣ እናቴ።"

"ከራሴ ዋንዛ ነው። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ። ግን እርጥቡን ከሠራሁት ይሰነጠቃል። ዛሬ ነገ ሳይባል ተቆርጦ መድረቅ አለበት።"

ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔና እናቴ የምንተኛበትን አልጋ የሠራው ነስሩ ነው፤ የጎረቤቶቻችንንም እሱ ነው የሠራው። እማማ አዲስ አልጋ ሊሠራላት ነው፤ ለዚያውም የዋንዛ። ስትድን የማታቃስት አልጋ ላይ ትተኛለች፤ እኔም አጠገቧ እገባለሁ። ለጓደኞቼ አወራሁ። አንዷ እንደውም ቀናች።

ነስሩ ለአልጋ ሜትሩን እንደሚጠቀም፣ ሲባጎውን የሚያወጣው ለአንድ ሥራ ብቻ እንደሆነ ያልነገረኝ ሰው ቢኖር ያው ሰፈሩ በሙሉ ነው። ለሬሣ ሣጥን በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሜትር አይዘረጋም ነበር።

መጋዙ ዋንዛው ሥር በተጋደመ ቀን አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሲራክ መጣ። አሪቻ በሚባል ቦታ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዛኝ ነበር፤ የቡና ወቅት ሲያልቅ ወደኛ ይመለሳል። ዝም ያለ ሰው ነው። ቀበቶውን በጣም ወደ ላይ ስለሚታጠቅ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉ ነገሩ እግር ይመስላል። የእማማ የበኩር ልጅ በመሆኑ ያለ እሱ ፈቃድ በዚያ ግቢ ዛፍ አይነካም። መጋዙን አየ፤ ነስሩን አየ፤ ወደ ላይ አየ። ሊቀመንበሩ በዚያ ሰዓት ሾላ ይዞ መጥቶ በስንጥቋ እያጎረሰ ነበር።

"ወፏ እስክትወጣ አይቆረጥም" አለ።

"የቷ ወፍ?" አለች እናቴ።

"ውስጥ ያለችው።"

"የጠየቀችህ እኮ እማማ ናት፣ ሲራክ።"

"ሰምቻለሁ። ወፏ ትውጣ።"

"ወፏ የምትወጣው መቼ ነው?"

ነስሩ በእሱ ፋንታ መለሰ። "ክረምት ይገባባታል።"

እናቴ የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችው። በጣም ቀስ ብላ ስለነበረ ከመወርወር የባሰ አስፈራኝ። "እማማ ለክረምት የምትደርስ ይመስልሃል? ለወፍ ብለህ እናትህን..." አለችና እኔን አይታ አቆመች።

ጋሼ ሲራክ መጋዙን አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ወፍ የነበረው እውቀት በዶሮ፣ ያውም በወጡ የተወሰነ ነበር። እኔ ደግሞ የሊቀመንበሩ ግብረ አበር መሆኑን አወቅሁ። አንዱ ሚስቱን አስሯል፤ ሌላው እናቱን አልጋ ነፍጓል።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ውሎ አላደረም። የጉባኤያችን ሰዎች ሊጸልዩ መጥተው፣ ከእማማ ፈውስ ቀጥሎ የሲራክን ልብ መለስለስ ለየት አድርገው ለመኑ። አቶ ጓንጉልም በዕድሩ ስም መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ እናቴን ወደ በረንዳው ጠርተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይህም ማለት እስከ አስፋልቱ ብቻ ይሰማ ነበር።

"አይጨነቁ፣ ወይዘሮ ትንቢት። የዕድራችን ዕቃ በቂ ነው። ቀለም የተቀባ ነው። በማርያም ስም እምላለሁ፣ እስከ ዛሬ ተጠቅሞበት ተመልሶ ያማረረ አባል የለም።"

ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት እንዳለው አውቃለሁ። አልጋ ማዋሱን ግን ገና መስማቴ ነው። ማንም ስላላማረረ ጥሩ አልጋ መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ።

ከውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ግን ቀጥ ያለ። "ጓንጉል፣ ባሕር ዛፍሽን ይዘሽ ሂጂ። እኔ እዚያ ውስጥ አልተኛም።"

አቶ ጓንጉል ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ጋሼ ሲራክ በየጠዋቱና በየምሽቱ እማማ ዘንድ ይገባል። ወንበሩን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ያስቀምጥና ስለ ወፉ ያወራላታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

"ዛሬ ሾላ አምጥቶላታል።"

"በላች?"

"በላች።"

"ታዲያ ለምን አትወጣም፣ ይቺ ሰነፍ?"

"ልጅ ይዛለች መሰለኝ፣ እማማ። ልጇ ክንፍ እስኪያወጣ ነው።"

"እኔ አንቺን ስወልድ በማግስቱ ቡና ለቀማ ወጥቻለሁ። ንገሪያት ለወፏ።"

"እነግራታለሁ።"

ከበር ኋላ ሆኜ እሰማለሁ፤ ጥርሴን እነክሳለሁ። የታመመች ሴት አልጋ ከልክሎ ስለ ወፍ ይነግራታል። እማማ ከእሱ ጋር ለመጨቃጨቅ ስትል ቀና ማለት፣ ለመሳደብ የሚሆን አቅም እንዲኖራት ደግሞ አንድ ሁለት ጉርሻ ቆጮ መቀበል እንደጀመረች አላስተዋልኩም። እናቴም ያስተዋለች አይመስለኝም። የሁላችንም ዓይን ዛፉ ላይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሊቀመንበሩ ቀረ። አንድ ጠዋት ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የወይዘሮዋ ምንቃር በስንጥቋ ብቅ ይላል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክንፉን ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም አይሰማም። ቀትር ላይ ጋሼ ሲራክን በእንሰቱ መሃል አገኘሁት። ተንበርክኮ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ክንፍ አየሁ። አፈሩን በእጁ መልሶ፣ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አለበሰበትና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሄደ።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ጋሼ ሲራክ ሊቀመንበሩን ገድሎታል። ለምን? ወፏ እንዳትወጣ። የሚያበላት ከሌለ አትወጣም፤ ካልወጣች ዛፉ አይቆረጥም፤ ካልተቆረጠ እማማ አልጋ አታገኝም። አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። እንዲህ ያለ የተሟላ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ አስቤ አላውቅም።

ሊቀመንበሩን የገደለው የመብራት ሽቦ ነው። ትልልቅ ወፎችን ዛሬም የሚጨርሳቸው እሱ ነው፤ ክንፋቸው ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ይነካል። ጋሼ ሲራክ ከምሰሶው ሥር አንስቶ ነው የቀበረው።

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ወገቡ ላይ መጫኛ አስሮ፣ ትከሻው ላይ ከረጢት አንጠልጥሎ ዋንዛው ላይ ሲወጣ አየሁት። መጫኛውን በግንዱ ዙሪያ እየወረወረ፣ በባዶ እግሩ እየቆነጠጠ ይወጣል። ስንጥቋን ሊደፍናት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ በቀጥታ ወደ እማማ ሮጥኩ።

"እማማ፣ ጋሼ ሲራክ ሊቀመንበሩን ገድሎ ቀብሮታል። አሁን ደግሞ ወይዘሮዋን ሊያፍናት እየወጣ ነው።"

እማማ አልደነገጠችም። ትራሷን አመለከተችኝ፤ ከፍ አደረግሁላት። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ጎተተችኝ። "ነይ እይ" አለች።

ከአልጋዋ ላይ ሆኖ የዋንዛው አናትና ጎሬው ወለል ብለው ይታያሉ። ይህን ከእሷ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ጋሼ ሲራክ ግንዱን በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው ጫፉ የተሰነጠቀ ሸንበቆ ይዟል፤ ስንጥቁ ላይ ሾላ ሰክቷል። ወደ ጎሬው አስጠጋው። ምንቃሩ አልወጣም። ጠበቀ። በመጨረሻ ምንቃሩ ብቅ ብሎ ሾላዋን ነጠቀ።

"ከረጢቱ ውስጥ ፓፓያም ይዛለች" አለች እማማ። "የሊቀመንበሩን ሥራ ይዛለች።"

"ለምን?"

"አሁን ትመጣና ሊቀመንበሩ አበላት ትለኛለች። ትዋሻለች። አንቺ ምንም አላየሽም።"

"እማማ፣ ትፈሪዋለሽ እንዴ?"

አየችኝ። ከንፈሯ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ፍርሃት ነው ብዬ ወሰንኩ። "አዎ" አለች። "እፈራታለሁ። ዝም በይ።"

ጋሼ ሲራክ መጣ፤ ጠጉሩ ላይ የዛፍ ልጣጭ አለ። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። "ዛሬ ሊቀመንበሩ ሾላ አምጥቶላታል፣ እማማ።"

"በላች?"

"በላች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሁሉም ይዋሽ ነበር። ቀኖቹ በዚህ ሄዱ። እማማ አንድ ሰሞን ይሻላታል፣ አንድ ሰሞን ትንፋሿ እያጠረ እናቴ እጇን አፍንጫዋ ላይ ታስቀምጣለች። ነስሩ በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ "አሁን ቢቆረጥ እንኳ አይደርቅም" ይልና ይሄዳል። እናቴ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገረው በሳህን ድምፅ ነበር፤ ምሳውን ስታቀርብለት ጠረጴዛው ይጮኻል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጠዋት ከጀመረ እስከ ማታ አይቆምም፤ የዋንዛው ልጣጭ እንደ ሳሙና አንሸራተተ። ጋሼ ሲራክ አንድ ቀን አልቀረም። አንድ ጠዋት ልክ ጎሬው አጠገብ ሲደርስ እግሩ ተንሸራተተ። ሲወድቅ ያየሁት እግሩን ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ መጫኛው ጭው ብሎ ተወጠረና አንጠለጠለው። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ዛፉ ሥር ቆመች፤ እጇን ዘርግታለች፤ ቢወድቅ የምትቀበለው ይመስል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አቶ ጓንጉል ከባርኔጣቸው በላይ ጃንጥላ ዘርግተው ደረሱ።

"ሲራክ ልጄ፣ ውረድ" አሉ ወደ ላይ። "በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ በገዛ ፈቃዱ ከዛፍ ላይ የወደቀ አባል አይሸፈንም። አሁንኑ ውረድ፤ ደንቡን አታስነብበኝ።"

እኔ መስኮቱ ጋ ከእማማ አጠገብ ነበርኩ። እጄን ይዛዋለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ሲራክ መጫኛው ላይ ተወዛወዘ፣ አንድ ቅርንጫፍ ያዘ፣ ራሱን ጎተተ። ጉልበቱ ደምቷል። ወረደ ብለን ስንጠብቅ ወደ ላይ አንድ እርምጃ ጨመረ። ሸንበቆውን ከቀበቶው አወጣ። አጎረሳት። ከዚያ ነው የወረደው።

መሬት ሲደርስ እናቴ ጉልበቱን ተመለከተች፤ ውሃ አሙቃ በሳህን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ተመልሳ ገባች።

ወይዘሮዋ የወጣችው ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት ነው። ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። የጭቃው ግድግዳ ተሰንጥቆ እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይወርዳል። መጀመሪያ ምንቃሯ፣ ከዚያ ራሷ፣ ከዚያ ጅራቷ የተጎሳቆለ አካሏ ወጣ። ጎሬው አፋፍ ላይ ቆማ ክንፏን ዘረጋች፤ መብረር የረሳች መሰለች። ከዚያ ዘላ ወደ ወንዙ ዳር ዝግባ ተሻገረች። ልጇ አፋፉ ላይ ቆሞ ጠራት፤ መለሰችለት፤ ተከተላት። ጋሼ ሲራክ ዝግባውን እስከ ቁርስ ድረስ ሲያይ ቆየ።

በማግስቱ ነስሩ ሁለት መጋዝ ሳቢዎች ይዞ መጣ። አቶ ጓንጉልም ለመታዘብ መጥተዋል። እኔ አልጋው የት እንደሚቆም በዓይኔ እየለካሁ ነበር። መጋዙ ከግድግዳው ወረደ። ጋሼ ሲራክ ዋንዛው ሥር፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አይቆረጥም" አለ።

ነስሩ ሊስቅ ጀመረና ተወው። "ወፏ ወጣች እኮ።"

"ወጥታለች።"

"እና?"

"አይቆረጥም።"

እናቴ አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻል ነበር። "ቃልህን ሰጥተሃል። ያለ ወፍ ምን ምክንያት ቀረህ? እሷ የጠየቀችህ አንድ ነገር ነው፣ ሲራክ። በሕይወቷ አንድ ነገር።"

የቤቱ በር ሲጢጥ ሲል የሰማሁት በዚህ መሃል ነው።

እማማ ወርቂቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ቆማ ያያት የለም። ግድግዳውን ተደግፋ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ የልብስ ማስጫውን እንጨት ይዛ ሌላ እርምጃ። ማንም አልነካትም፤ ቢነካት የምትወድቅ መሰለን። የነስሩን አንድ ዘነዘና የሚያክል እንጨት ከመሬት አነሳች፤ ስትጎነበስ አቶ ጓንጉል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጇ ጋ ደርሳ ትከሻውን መታችው።

"ሌባ" አለችው። "ዛፌን ስጪኝ።"

ሌላኛውን ትከሻውን መታችው። እጁን ለመከላከል አላነሳም። የሚያየው እግሯን ነበር።

"እማማ" አለ፤ "ባዶ እግርሽን ነሽ። መሬቱ ርጥብ ነው።"

ሦስተኛውን ሰንዝራ እንጨቱ ከእጇ ወደቀ። እናቴ አቀፈቻት። ያን ማታ እማማ ቆጮዋን በራሷ እጅ በላች፤ በየጉርሻው መሃል ልጇን ትረግማለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየወጣች ዋንዛው ሥር ቁጭ ብላ ትሰድበው ነበር፤ እሱም ጫማዋን ያመጣላታል። እሸቱ ቀላ፣ ተለቀመ፣ ታጠበ። የደረሰውን ቡና ራሷ በእጇ አሸች። እኔም ስለ ተሻላት አልጋው አላስፈለጋትም ብዬ ተውኩት።

ቡናው በተከተተ ሰሞን፣ በእንቅልፏ ሞተች። በጎኗ ተኝታ ነበር።

የዕድሩ ሣጥን ቡናማ ቀለም የተቀባ ባሕር ዛፍ ነበር። ሲያስገቧት በሰው መሃል ተሹለክልኬ አየሁ። ትከሻው ላይ ጠቧታል። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ። "አልጋዋስ?" አልኳት። "ነስሩ የለካላት የዋንዛ አልጋዋስ?"

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ለቅሶዋን አቆመች። ሣጥኑን አየች፣ ወንድሟን አየች። እኔ የተሳሳትኩትን ሁሉ በዚያች ዓይን ውስጥ አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገረችውም። በአንድ ግቢ እየኖሩ "ለአጎትሽ ጨው አልቋል በይው"፣ "ለእናትሽ አምጥቻለሁ በያት" እየተባባሉ በእኔ አፍ አረጁ። ዩኒቨርሲቲ ስሄድ በስልክ ቀጠሉ፤ አንዳቸው ለሌላቸው የሚሉትን አዲስ አበባ ደውለው ለእኔ ይነግሩኛል።

ዋንዛው አሁንም አለ። ወፎችም በየመጋቢቱ ይመጣሉ፤ የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅም።

አምና እናቴ ታመመች፤ የጉባኤው ሽማግሌዎችና ያረጁት አቶ ጓንጉል ሁለቱን ለማስታረቅ ጓሮው ላይ ተቀመጡ። ነገሩ ወግ አለው፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ተበዳይ "ለእግዚአብሔር ብዬ" ብላ ታስወርደዋለች። ጋሼ ሲራክ ቀበቶውን ደረቱ ጋ ታጥቆ፣ ነጭ ጠጉሩን አበጥሮ፣ ማንም ሳይነግረው ከሁሉም ትልቁን ድንጋይ መርጦ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ጎንበስ ብሎ እህቱ ፊት ቆመ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ድንጋዩን አልፈልገውም" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ነው የፈለግኩት። ለምን እንደከለከላት ይንገረኝ። ይንገረኝና ዛሬውኑ አውርጄ እስመዋለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። እኔም ዞርኩ፤ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ዛፉ እስካልተቆረጠ እማማ እየተቆጣች ትኖራለች ብሎ ነው፤ ከእሱ አፍ እንድትሰማው ብቻ ነበር የፈለግሁት።

"ቀላል ነው፣ ልጄ" አሉ አቶ ጓንጉል። "አንድ ቃል ይበቃል። ለወፏ ብለህ ነው? ለእናትህ ብለህ ነው? ወይስ ለዛፉ ሳስተህ ነው? የፈለግኸውን በል፤ እኛ እንቀበላለን።"

ጋሼ ሲራክ ድንጋዩን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

"ድንጋዩን እስከፈለጋችሁት ድረስ እሸከማለሁ" አለ። "እሱን ግን አልናገርም።"